ለተፈጥሮ ፎቶግራፍ የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ መምረጥ፤ ከዋግ ኽምራ ደጋና ቆላ አንፃር

በሰቆጣ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ወረዳዎች የተፈጥሮ ሀብት፣ የግብርና፣ የባህልና ቱሪዝም እንዲሁም የኮሙኒኬሽን ሥራ የሚያከናውኑ ጽሕፈት ቤቶች የሚያቀርቡት ሪፖርት ያለ ፎቶግራፍ የተሟላ ሆኖ አይቆጠርም። ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ የተደረገ ተራራ ማገገሙ፣ እርከን የተሠራለት ተዳፋት አፈር መያዙ፣ በቆላው የሚገኘው የዕጣን ዛፍ መመናመኑ ወይም መተካቱ ከቁጥር ይልቅ በምስል ፈጥኖ ይታያል። ይሁንና ካሜራው ብዙውን ጊዜ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል በጥድፊያ የሚገዛ በመሆኑ፣ ለቢሮ ስብሰባ ካልሆነ በስተቀር ለመስክ ሥራ የማይበቃ መሣሪያ በንብረት መዝገብ ላይ ሰፍሮ መገኘቱ አዲስ ነገር አይደለም።

ይህ ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ዲጂታል ኤስኤልአር ካሜራ ለሚመርጡ ባለሙያዎችና ኃላፊዎች፣ በተለይም ተራራ፣ ዛፍ፣ አእዋፍና የዱር እንስሳት ለማንሳት ለሚፈልጉ፣ መሠረታዊ መረጃ ይሰጣል።

ዲጂታል ኤስኤልአር የሚባለው ካሜራ ከሌንሱ በስተጀርባ ተንቀሳቃሽ መስታወት ያለው ነው። በሌንሱ በኩል የሚገባው ብርሃን በመስታወቱ ላይ ነጥሮ ወደ ዓይን ማያው ይሄዳል። አንሺው የሚያየው እንግዲህ ሌንሱ የሚያየውን ራሱን ነው። ቁልፉ ሲጫን መስታወቱ ወደ ላይ ይነሳና ብርሃኑ ቀደም ሲል ፊልም ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ላይ ባለው ሴንሰር ላይ ያርፋል። ሌንሱም እንደ ሥራው ዓይነት ይቀያየራል። ካሜራውን ከተንቀሳቃሽ ስልክና ከኪስ ካሜራ የሚለዩት ዋና ዋና ነገሮች የሴንሰሩ ስፋት፣ የሌንሱ መቀያየርና በመስታወት የሚታየው ምስል ናቸው።

የዚህ ዓይነቱ ካሜራ በገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ በ1991 ነበር። ኮዳክ ኩባንያ የኒኮን ኤፍ3 የፊልም ካሜራን አካል ተጠቅሞ ያቀረበው ይኸው መሣሪያ 1.3 ሜጋፒክስል ብቻ የነበረው ሲሆን፣ ምስሉ የሚከማችበት ክፍል ለብቻው በትከሻ የሚንጠለጠል ነበር። ዋጋውም በ20 ሺህ ዶላር ግድም ይገመታል። ኒኮን እ.ኤ.አ በ1999 ዲ1 የተባለውን 2.7 ሜጋፒክስል ካሜራ ሲያቀርብ የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺዎች ፊልምን መተው ጀመሩ። ካኖን ደግሞ እ.ኤ.አ በ2003 ኢኦኤስ 300ዲ የተባለውን ባለ6.3 ሜጋፒክስል ካሜራ ከ1 ሺህ ዶላር ባነሰ ዋጋ ለገበያ በማቅረቡ መሣሪያው ከባለሙያዎች እጅ ወጥቶ ለግለሰቦችና ለመሥሪያ ቤቶች ተዳረሰ። ቪዲዮ የሚቀርፅ የመጀመሪያው ዲጂታል ኤስኤልአር፣ ኒኮን ዲ90፣ የወጣው እ.ኤ.አ በ2008 ነው።

ዛሬ ገዢ ሊያውቀው የሚገባው ነገር የዚህ ካሜራ ዘመን በአምራቾች ዘንድ እያበቃ መሆኑን ነው። ከእ.ኤ.አ 2018 ወዲህ ኒኮንና ካኖን ትኩረታቸውን መስታወት ወደሌላቸው ካሜራዎች አዙረዋል። ካኖን እ.ኤ.አ በ2020 ያወጣው ኢኦኤስ-1ዲ ኤክስ ማርክ 3 በዚህ ዓይነት የመጨረሻው ዋና ካሜራው መሆኑን በኃላፊው በኩል አስታውቋል። ለጀማሪዎች በብዛት ይመከር የነበረው ኒኮን ዲ3500 እና ታላቁ ዲ5600 ምርታቸው መቋረጡ የታወቀው እ.ኤ.አ በ2022 ነው። ሶኒም መስመሩን ዘግቷል። ፔንታክስ የተባለውን ስም የያዘው ሪኮ ኩባንያ ግን በመስታወቱ እንደሚቀጥል ገልጾ፣ እ.ኤ.አ በ2021 ኬ-3 ማርክ 3ን አውጥቷል።

ይህ ማለት ግን ዲጂታል ኤስኤልአር መግዛት ስህተት ነው ማለት አይደለም። እንዲያውም ብዙዎች ወደ አዲሱ ዓይነት በመሸጋገራቸው ጥሩ ጥሩ ካሜራዎችና ሌንሶች ባገለገለ ዕቃ ገበያ በቀነሰ ዋጋ ይገኛሉ። ለዋግ ኽምራ ዓይነት አካባቢ ደግሞ ኋላ እንደሚታየው የመስታወቱ ካሜራ አንድ ትልቅ ብልጫ አለው፤ ባትሪ አይጨርስም።

ካሜራውን ከመምረጥ በፊት የሚነሳውን ነገር መለየት ይቀድማል። ዋግ ኽምራ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ሁለት ዓለም ያለበት ምድር ነው። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር ከፍ ብላ የተቆረቆረች ስትሆን፣ በአበርገሌ በኩል ወደ ተከዜ ሲወረድ መሬቱ ከ1 ሺህ 200 ሜትር በታች ይዘልቃል። በደጋው ጽድና ወይራ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተጠልለው ይታያሉ፤ በቆላው የዕጣን ዛፍ፣ ግራርና ቁልቋል አለ። እ.ኤ.አ በ2009 ሥራው የተጠናቀቀው የተከዜ የኃይል ማመንጫ ግድብ ያስተኛው ውኃ ቀድሞ ገደል ብቻ የነበረውን ሸለቆ ሐይቅ አድርጎታል፤ ዓሣ አስጋሪና የውኃ ወፍም አምጥቷል። ከብሔረሰብ አስተዳደሩ በስተደቡብ ላስታ ውስጥ የሚገኘው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4 ሺህ 200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ጭላዳ ዝንጀሮና በመላ አገሪቱ ለአቅመ መራባት የደረሱት ቁጥራቸው ከ500 የማይበልጠው ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል።

እነዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት መሣሪያ አይጠይቁም። ሸለቆና ተራራ ለማንሳት ሰፊ ማዕዘን ያለው ሌንስና ማቆሚያ ያስፈልጋል፤ የካሜራው ፍጥነት ግድ አይሰጥም። አጥንት ከሰማይ እየጣለ በአለት ላይ የሚሰብረውን ትልቁን አሞራ ለማንሳት ግን ረጅም ሌንስና ፈጣን ትኩረት ያዥ ካሜራ የግድ ነው። ጭላዳ ሰው ስለሚለምድ በመካከለኛ ሌንስ ይነሳል። ቀይ ቀበሮ ግን ሰው ሲያይ ርቀቱን የሚጠብቅ በመሆኑ አነስተኛ ሌንስ ይዞ የሄደ ባለሙያ ይዞት የሚመለሰው ከሣር መካከል ቀይ ነጥብ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ከእነዚህ መካከል የዘወትር ሥራው የትኛው እንደሆነ ሳይወስን ወደ ገበያ ቢወጣ ሻጩ ይወስንለታል።

ሻጭ በቅድሚያ የሚጠራው ቁጥር ሜጋፒክስልን ነው። ቁጥሩ ትርጉም አለው፤ ነገር ግን ከሚባለው ያነሰ ነው። በመደበኛ የኅትመት ጥራት፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሒሳብ፣ ለአንድ ሙሉ የኤ4 ገጽ ፎቶግራፍ 9 ሜጋፒክስል ያህል ይበቃል። ባለ24 ሜጋፒክስል ካሜራ የሚሰጠው 6 ሺህ በ4 ሺህ ነጥብ ያለው ምስል 50 በ34 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይታተማል። ለዓመታዊ መጽሔት፣ ለግድግዳ የቀን መቁጠሪያና ለዐውደ ርዕይ ሰሌዳ ከዚህ በላይ ማሳደድ ገንዘብን ከሌንስ መንጠቅ ነው። የተረፈው ነጥብ የሚጠቅመው በሩቅ የተነሳን ወፍ ከምስሉ መካከል ቆርጦ ለማውጣት ሲሆን፣ ያም ቢሆን ሌንሱ ጥርት ያለ ምስል ካልሰጠ ዋጋ የለውም።

ከሜጋፒክስል ይልቅ ሊታይ የሚገባው የሴንሰሩ ስፋት ነው። በዘርፉ ሙሉ ፍሬም የሚባለው 36 በ24 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የቀድሞው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ልክ ነው። ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው አነስተኛው ዓይነት በኒኮን 23.5 በ15.6፣ በካኖን 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሙሉ ፍሬም በደብዛዛ ብርሃን የተሻለ ምስል ይሰጣል፤ በዚያው ልክ አካሉም ሌንሱም ውድና ከባድ ነው። አነስተኛው ሴንሰር ደግሞ የምስሉን ጠርዝ ስለሚቆርጥ ሩቁን ያቀርባል። በኒኮን 1.5፣ በካኖን 1.6 ጊዜ ያህል ማለት ነው። ስለዚህ 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኒኮን ኤፒኤስ-ሲ ካሜራ ላይ ሲገጠም የ450 ሚሊ ሜትር ያህል እይታ ይኖረዋል። የዱር እንስሳትና አእዋፍ ለሚያነሳ ጀማሪ ይህ እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ጥቅም የሚቆጠር ነው። በመሆኑም ለመጀመሪያ ካሜራ ኤፒኤስ-ሲ መምረጥ ተገቢ ሆኖ ይገኛል።

የበጀቱ ትልቁ ድርሻ መዋል ያለበት ለሌንስ ነው። የካሜራ አካል በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያረጃል፤ ጥሩ ሌንስ ግን ሁለትና ሦስት አካል ያሳልፋል። ከካሜራው ጋር ተያይዞ የሚሸጠው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ሌንስ ለመልክዓ ምድር የሚናቅ አይደለም፤ ክፍተቱን ወደ ኤፍ 8 አጥብቦ በማቆሚያ ላይ ለሚሠራ ሰው የሰቆጣን ዙሪያ ተራሮች አጥርቶ ያሳያል። ከእርሱ ቀጥሎ የሚገዛው ከ70 እስከ 300 ሚሊ ሜትር ያለው ነው። በእነዚህ በሁለቱ የአንድ ጽሕፈት ቤት አብዛኛው የመስክ ሥራ ይሸፈናል። ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያለው ሰፊ ሌንስ ሸለቆን በአንድ ምስል ለመሰብሰብ ያስችላል፤ ይሁንና ተራራውን ሩቅና ትንሽ አድርጎ ስለሚያሳይ ጀማሪዎች ሲያዩት ይከፋቸዋል። ታምሮንና ሲግማ የሚያመርቷቸው ከ150 እስከ 600 ሚሊ ሜትር የሚደርሱ ሌንሶች ለአእዋፍ የተመረጡ ቢሆኑም፣ ወደ 2 ኪሎ ግራም ስለሚመዝኑ ከመኪና መንገድ ወርዶ ግማሽ ቀን በእግር ለሚጓዝ ባለሙያ ሸክም ናቸው። ከ18 እስከ 300 ሚሊ ሜትር በአንድ ሌንስ የሚሉት ደግሞ ምቾታቸው ታላቅ ነው፤ ጥራታቸው ግን በሁለቱም ጫፍ ይላላል። አቧራ በበዛበት ቦታ ሌንስ ላለመቀየር ሲባል ብቻ ሊመረጡ ይችላሉ።

ሌንስ ሲገዛ ከሚያጋጥሙ ወጥመዶች መካከል አንዱ በተለይ ሊጠቀስ ይገባዋል። የኒኮን ዲ3000 እና ዲ5000 ተከታታይ ካሜራዎች በአካላቸው ውስጥ ሌንስ የሚያንቀሳቅስ ሞተር የላቸውም። በራሱ ሞተር የሌለው የቆየ ሌንስ ሲገጠምባቸው ፎቶግራፍ ያነሳሉ፤ ትኩረቱን ግን በእጅ ማስተካከል የግድ ይሆናል። በአንፃሩ ኤኤፍ-ፒ የሚል ምልክት ያላቸው አዳዲስ የኒኮን ሌንሶች እንደ ዲ90 ባሉ የቆዩ አካሎች ላይ በራሳቸው አያተኩሩም። አካልና ሌንስ በተለያየ ጊዜና ከተለያየ አቅራቢ በሚገዛበት አሠራር ይህ ስህተት ዕቃው ተረክቦ ሞዴል 19 ከተቆረጠለት በኋላ ነው የሚታወቀው።

ስለ ብርሃን ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ሰቆጣ የምትገኘው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ግድም ላይ በመሆኑ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ፣ በአናት ላይ ታልፋለች። በሌላውም ጊዜ ቀትር ላይ ብርሃኑ ከላይ ስለሚወርድ ገደሉ ጥላ አልባ ጠፍጣፋ፣ የሰውና የእንስሳት ፊት ደግሞ ጥቁር ሆኖ ይነሳል። የመስክ ጉዞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተነስቶ ከቀትር በኋላ በ6 ሰዓት ተኩል ቦታው ላይ የሚደርስ ከሆነ የካሜራው ዋጋ ለውጥ አያመጣም። የተሻለው ብርሃን ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ እንዲሁም ከአመሻሹ 10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ ያለው ነው። በእነዚህ ሰዓታት ብርሃኑ አነስተኛ ስለሆነ የሴንሰሩን የብርሃን ስሜት፣ አይኤስኦ የሚባለውን፣ ወደ 800 ወይም 1600 ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ከእ.ኤ.አ 2012 ወዲህ የወጡ አካሎች ይህን ያለ ብዙ ችግር ይሸከማሉ፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ላይ ምስሉ ይሻክራል። ካሜራ በእጅ ተይዞ ሲነሳ የመዝጊያው ፍጥነት ከሌንሱ እይታ ቁጥር ያላነሰ መሆን አለበት፤ ለ300 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፒኤስ-ሲ ቢያንስ አንድ አምስት መቶኛ ሰከንድ ማለት ነው። ለሚበር አሞራ ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ በታች አይወረድም።

ቀጥሎ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው። ከሰቆጣ ወጥቶ በዝቋላ፣ በሳህላ ወይም በአበርገሌ ቀበሌዎች ሦስትና አራት ቀን የሚቆይ ቡድን ባትሪ የሚሞላበት ሶኬት አገኛለሁ ብሎ መነሳት የለበትም። መስታወት ያለው ካሜራ በዓይን ማያው ሲታይ ኤሌክትሪክ አይፈጅም። ኒኮን ዲ3500 በመለኪያ ደንቡ መሠረት በአንድ ሙሌት 1 ሺህ 550 ምስል ያነሳል፤ ዲ5600 970፣ ካኖን 250ዲ 1 ሺህ 70 ያነሳሉ። መስታወት የሌላቸው የጀማሪ ካሜራዎች ግን ማያቸው ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሆነ አብዛኞቹ ከ300 እስከ 400 ምስል ላይ ያበቃሉ። በሌላ በኩል ብዙዎቹ አዳዲስ ካሜራዎች በስልክ መሙያ ገመድ፣ ስለዚህም በትንሽ የፀሐይ ሰሌዳና በተንቀሳቃሽ ኃይል ማጠራቀሚያ ሊሞሉ ይችላሉ። ዲ3500ን የመሳሰሉት ግን ባትሪያቸው ወጥቶ በራሱ መሙያ በሶኬት ካልሆነ አይሞላም። ሁለት ትርፍ ባትሪ ይዞ የሚወጣ ሰው ይህ አያስጨንቀውም። ባትሪው የአምራቹ ኦሪጅናል መሆኑ በግዥ ሰነዱ ላይ ሊሰፍር ይገባል፤ በርካሽ የሚሸጠው አስመስሎ የተሠራ ባትሪ የተጻፈበትን መጠን አይይዝም።

አቧራ ሌላው የአካባቢው ፈተና ነው። በበጋ ወራት በጠጠር መንገድ ላይ የሚሄድ መኪና ውስጥ ካሜራ በወንበር ላይ ማስቀመጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሴንሰሩን ያበላሻል። አቧራው በሰማይ ላይ እንደ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ በምስሉ ሁሉ ላይ ይወጣል። ኒኮን ዲ7200፣ ዲ7500 እና ዲ500፣ ካኖን 80ዲ፣ 90ዲ እና 7ዲ ማርክ 2፣ ፔንታክስ ኬ-70 በመጋጠሚያቸው ላይ አቧራና ጠል የሚከላከል ማሸጊያ አላቸው። ዲ3500 ማሸጊያውም ሆነ ሴንሰሩን በንዝረት የሚያራግፈው ክፍል የለውም። ርካሽነቱ የመጣው ከእንዲህ ዓይነቱ ቅነሳ ነው። ያም ሆኖ በዚፕ የሚዘጋ ቦርሳ፣ ንጹሕ ላስቲክና የጎማ መንፊያ ያለው ሰው በርካሹም ካሜራ ረጅም ጊዜ ይሠራበታል። ሌንስ ሲቀየር ካሜራውን ማጥፋት፣ አፉን ወደ መሬት መድፋትና ጀርባን ለነፋስ መስጠት በቂ ነው።

በመስክ ባለሙያዎች እጅ ካሜራ ከሚሰጠው አገልግሎት ሁሉ ክብደት ያለው አንድን ቦታ በየዓመቱ ከአንድ ነጥብ ላይ ደጋግሞ ማንሳት ነው። በዚህ ረገድ የሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ከብዙ አገሮች የተሻለ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ በ1868 ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነስቶ በአሸንጌ ሐይቅ በኩል ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የምሕንድስና ክፍሉን ፎቶግራፍ አንሺዎች ይዞ ነበር የመጣው። ዘመኑ የዋግ ሹም ጎበዜ፣ ኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ የተባሉት፣ በላስታና በዋግ ኃይል የነበሩበት ነው። ፎቶግራፍ አንሺዎቹ በመንገዳቸው ያነሷቸው ተራሮችና ሸለቆዎች ከ140 ዓመት በኋላ ለተመራማሪዎች ማስረጃ ሆነዋል። ጃን ኒሰን የተባሉት የቤልጂየም የመልክዓ ምድር ተመራማሪና የሥራ ባልደረቦቻቸው እነዚያኑ ቦታዎች ፈልገው፣ በዚያው ነጥብ ቆመው እንደገና በማንሳት እ.ኤ.አ በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ የሰሜኑ ደጋ በ1868 ዛሬ ከሚታየው ይልቅ የተራቆተ እንደነበርና በቅርብ አሥርት ዓመታት የተሠራው የአፈርና ውኃ ጥበቃ ለውጥ ማምጣቱን አሳይተዋል። ቀድሞ ደን የነበረው ሁሉ በቅርብ ጊዜ ጠፋ የሚለው የተለመደ አባባል በምስል ተመርምሮ የተስተካከለው በዚህ መንገድ ነው።

ይህን ሥራ አንድ የወረዳ ባለሙያ በተራ ካሜራ ሊሠራው ይችላል። የሚያስፈልገው የማይንቀሳቀስ ምልክት ያለው የመቆሚያ ነጥብ፣ ለምሳሌ አለት ወይም የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ማዕዘን፣ ሁልጊዜ ያው የሌንስ ርዝመት፣ ያው የዓመቱ ወቅትና ያው ሰዓት ነው። በነሐሴ የተነሳ ተራራ ከግንቦቱ ጋር ቢነፃፀር ልማት ሳይሆን ዝናብን ያሳያል፤ እንዲህ ያለ ንፅፅር በሪፖርት ላይ ሲቀርብ የሚያውቅ ሰው ፈጥኖ ይነቅፈዋል፤ ትክክለኛውን ሥራም አብሮ ያስጠረጥረዋል። የቦታውን መለኪያ በራሳቸው የሚመዘግቡ ካሜራዎች፣ እንደ ኒኮን ዲ5300፣ ካኖን 6ዲ እና 7ዲ ማርክ 2 ያሉት፣ ለዚህ ሥራ ይመረጣሉ። ከእነዚህም ዲ5300 ባገለገለ ገበያ ዋጋው ዝቅ ያለ ስለሆነ ለወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚመች ነው። ሌላው ካሜራ ቢሆንም መለኪያውን ከስልክ አንብቦ በማስታወሻ ላይ መጻፍ ያው ውጤት አለው።

የካሜራው ሰዓትና ቀን አሞላል ብዙ ጊዜ ችላ ይባላል። ማንኛውም ዲጂታል ካሜራ በምስሉ ፋይል ውስጥ የተነሳበትን ቀንና ሰዓት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ይመዘግባል። በአዲስ ካሜራ ላይ 2017 ብሎ የኢትዮጵያን ዓመተ ምሕረት የሞላ ሰው ካሜራው ያለ ምንም ተቃውሞ ይቀበለዋል፤ ውጤቱ ግን ምስሉ ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በፊት እንደተነሳ ሆኖ መመዝገቡ ነው። የጳጉሜን ቀናት ደግሞ ጨርሶ የሚገቡበት ቦታ የላቸውም። ከፕሮጀክት በፊትና በኋላ የሚል ማስረጃ ለኦዲተር ወይም ለረጂ ድርጅት ሲቀርብ ይህ ስህተት ሰነዱን ዋጋ ያሳጣዋል። ቀኑ በጎርጎርዮሳዊው፣ ሰዓቱ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር፣ የሰዓት ቀጠናው ከዝርዝሩ ውስጥ አዲስ አበባ ከሌለ በናይሮቢ ሊሞላ ይገባል። የጠዋቱ 2 ሰዓት በካሜራው 8 ሰዓት ነው። ኢትዮጵያዊው ቀን በፋይሉ ስም ላይ ይጻፋል።

ምስሉ በምን ዓይነት ፋይል ይቀመጥ የሚለው እምብዛም አያከራክርም። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ የሚይዝ ሲሆን፣ ሮው የሚባለው ጥሬ ፋይል በ14 ቢት እስከ 16 ሺህ 384 ደረጃ ይይዛል። በቀትር ብርሃን ነጭ የሆነ ሰማይና ጥቁር የሆነ ገደል ያለበትን ምስል ኋላ ለማስተካከል የሚቻለው ከጥሬው ነው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማስቀመጥ ይመከራል፤ ባለ24 ሜጋፒክስል ካሜራ ጥሬ ፋይሉ 25 ሜጋባይት ገደማ ስለሚሆን በ32 ጊጋባይት ካርድ ከጥሬው ብቻ አንድ ሺህ ያህል ይገባል።

ግዥን በተመለከተ በመንግሥት አሠራር በዝርዝር መግለጫው ላይ የንግድ ስም ለይቶ ማስቀመጥ የማይፈቀድ ሲሆን፣ ስም መጥቀስ የግድ በሚሆንበት ጊዜ «ወይም ተመጣጣኝ» የሚል ይታከላል። ስለዚህ ፈላጊው ክፍል ስሙን ሳይሆን የሚፈልገውን አቅም መግለጽ አለበት። «ዲጂታል ካሜራ፣ ጥራት ያለው፣ 1» ተብሎ የሚላክ የግዥ ጥያቄ ዝቅተኛውን ዋጋ ያቀረበውን ሁሉ አሸናፊ ያደርጋል። የሴንሰር ስፋት ኤፒኤስ-ሲ ወይም ከዚያ በላይ፣ 20 ሜጋፒክስልና ከዚያ በላይ፣ ከ18 እስከ 55 እና ከ70 እስከ 300 ሚሊ ሜትር የሆኑ በካሜራው ላይ በራሳቸው የሚያተኩሩ ሁለት ሌንሶች፣ ሦስት የአምራቹ ባትሪዎች፣ ሁለት ካርዶች፣ የአቧራ ማሸጊያ፣ ቢያንስ 3 ኪሎ ግራም የሚሸከም ባለሦስት እግር ማቆሚያ፣ ቦርሳና የአንድ ዓመት ዋስትና ብሎ መዘርዘር ግን አቅራቢውንም ተረካቢ ኮሚቴውንም ያግዛል። የማሸጊያው ነገር በጀት ካልፈቀደ የሚቀነስ ነው፤ ሁለተኛው ሌንስና ትርፍ ባትሪው ግን አይቀነሱም።

መሥሪያ ቤቱ ሳይሆን ግለሰብ ባለሙያው በራሱ ገንዘብ ያገለገለ ካሜራ የሚገዛ ከሆነ በቅድሚያ መዝጊያው ስንት ጊዜ እንደተጫነ ማረጋገጥ አለበት። ቁጥሩ በፋይሉ ውስጥ ወይም በኮምፒውተር ፕሮግራም ይነበባል። የዲ3500 መዝጊያ ለ100 ሺህ፣ የዲ7200 ለ150 ሺህ፣ የዲ500 ለ200 ሺህ ጊዜ ተፈትኖ የተሠራ ነው። 90 ሺህ የደረሰ ዲ3500 ነገም ሊሠራ፣ ዛሬም ሊቆም ይችላል። ቀጥሎ ክፍተቱን ወደ ኤፍ 16 አጥብቦ ነጭ ግድግዳ ወይም ጥርት ያለ ሰማይ ማንሳት በሴንሰሩ ላይ ያለውን አቧራና ጭረት ያሳያል። ሌንሱን ወደ ብርሃን አቅንቶ በውስጡ ማየት ሻጋታ መኖሩን ይናገራል። ሻጋታ ያለበት ሌንስ በምንም ዋጋ አይገዛም፤ ከሌላው ጋር በአንድ ቦርሳ ሲቀመጥ ሊያዛምት ይችላልና።

የተነሳው ምስል አቀማመጥም እንደ ካሜራው ሊታሰብበት ይገባል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በዘለቀው የሰሜኑ ጦርነት ወቅት ዋግ ኽምራ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ሲሆን፣ የመንግሥት ተቋማት ንብረትም ለዘረፋና ለውድመት ተዳርጓል። በአንድ ኮምፒውተር ብቻ የተከማቸ የዓመታት ምስል ከኮምፒውተሩ ጋር ይጠፋል፤ ካሜራ በሌላ በጀት ይተካል፤ ከዐሥር ዓመት በፊት የነበረውን ተራራ ግን እንደገና ማንሳት አይቻልም። ሦስት ቅጂ መያዝ፣ ማለትም አንዱን በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር፣ ሁለተኛውን በተለየ ሕንፃ በሚቀመጥ ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛውን ከከተማው ውጭ፣ ለምሳሌ በባሕር ዳር ባለው የሚመለከተው ቢሮ ወይም በኢንተርኔት ማከማቻ፣ ማስቀመጥ የሚጠይቀው ወጪ ከአንድ ትርፍ ሌንስ ዋጋ ያነሰ ነው። ሃርድ ዲስኩ በየስድስት ወሩ ተከፍቶ መሥራቱ ይረጋገጣል፤ በንብረት መዝገብ ላይም በስም ተለይቶ ኃላፊነት የወሰደ ሠራተኛ ይመደብለታል፤ ሠራተኛው ሲዛወር ካሜራውን ብቻ ሳይሆን የምስሉን ማከማቻና የመቆሚያ ነጥቦቹን ዝርዝር ጭምር በርክክብ ሰነድ ያስረክባል።